ከመዝገቡ የቀረው ምርቃት

ሰማታርን የማያውቅ ድሬዳዋ ውስጥ ካለ፣ ፍርድ ቤት ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተርጓሚ ነበር። ሶማሊኛውን ከእናቱ፣ ኦሮምኛውን ከአባቱ፣ ዐማርኛውን ደግሞ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ሲያራግፍ ከነስድቡ ነው የተማረው። «ሦስት አፍ» ይሉታል። እኔ ጥሩወርቅ እባላለሁ፤ እዚያው ችሎት የድምፅ ገልባጭ ነበርኩ። ዳኛውም ምስክሩም የተናገሩት በመቅረጫ ይቀዳል፣ እኔ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ወደ ጽሑፍ እገለብጠዋለሁ፣ የጻፍኩት ታትሞ መዝገቡ ውስጥ ይገባል። ሰማታርን ከሚስቱ ይበልጥ የሰማሁት እኔ ነኝ ብል አልዋሸሁም። ሚስቱ ኑርሀን ራሷ፣ አንቺ ጋ አፉን ከፍቶ ይውላል፣ እኔ ጋ ሲመጣ ደክሞት ጋደም ይላል እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

አስተርጓሚ «እሱ እንዲህ አለ» አይልም። «እኔ» ብሎ ነው የሚናገረው፤ ሥራው እንደዚያ ነው። ሌባው ሲናገር ሰማታር «እኔ አልሰረቅሁም» ይላል። ባሏ የደበደባት ሴት ስትናገር፣ ያ ግዙፍ ጢማም ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ «እኔን በገመድ ገረፈኝ» ይላል። አዲስ የመጡ ጠበቆች አፋቸውን በፋይል ሸፍነው ይስቁ ነበር። በሁለተኛው ወር ማንም አይስቅም። ደግሞ አንድ ዓመል ነበረው፤ ምንም አይጥልም። ምስክሩ ካሳለ ብቻ ነው የሚያልፈው። መሐላውን፣ ምርቃቱን፣ «ያ አላህ»ውን፣ ሁሉንም ይተረጉመዋል። ዳኞቹ ይሰለቻሉ፣ ፍሬ ነገሩን ብቻ ንገረን ይሉታል። ፍሬውን እኔ ከለየሁማ ዳኛው እኔ ነኝ ማለት ነው ብሎ ይመልሳል፤ በትሕትና ነው የሚለው፣ ግን ያናድዳል።

እኔ ግን እጥል ነበር። ሥራ ያስለመደችኝ ሴትዮ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በመጀመሪያው ሳምንት የነገረችኝ ይኼንኑ ነው፤ ሰላምታ አይጻፍም፣ ማሳል አይጻፍም፣ ምርቃት አይጻፍም፣ ገጽ ይበላል። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት አልጻፍኩም። የጥሩወርቅ ጽሑፍ ንጹሕ ነው ይባል ነበር፤ እኔም በዚህ እኮራ ነበር፣ ምን ልደብቅ።

በሁለት ሺህ ዐሥር ዓ.ም. የቢዮ ዓዴ ሰዎች መዝገብ መጣ። ቢዮ ዓዴ ከከተማው ወደ ሐርላ አቅጣጫ ወጣ ብሎ ያለ ደረቅ ወንዝ ዳር ነው። አንድ የውሃ ጉድጓድ አለው፣ ግጦሽ አለው፣ ከጉድጓዱ በላይ ድንጋይ ድንጋይ የተተከለበት መቃብር አለው። ሰዎቹ ፍየልና ግመል አርቢዎች ናቸው፤ ባቡሩ ሲመጣ እዚያው ነበሩ። ወረቀት ግን የላቸውም፤ ማን ሰጥቷቸው? አንድ የመጋዘን ድርጅት ወረቀት ይዞ መጣና አጥር ሊያጥር ችንካር ተከለ። እነሱም ከሰሱ። ጠበቃቸው ነህምያ የሚባል ቀጭን ወጣት ነው። አርብቶ አደር ከግጦሽ መሬቱ አይፈናቀልም የሚለውን የሕገ መንግሥት አንቀጽ እንደ ዳዊት ነበር የሚያነበንበው። ዳኛው ግን የፈለጉት ሌላ ነው። እውነት ይህን መሬት ይዛችሁ ኖራችኋል? ኖራችሁ ከሆነ ስንት ሆናችሁ፣ በስንት ከብት?

ምስክር ሆኖ የቀረበው የሰፈሩ ሽማግሌ ሽሬ ነው። ሽሬ ቀጭን፣ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ በትሩን ዘብ ቢቀበለውም እጁ በትር እንደያዘ የሚቆም ሰው ነበር። ዳኛው ሦስት ጥያቄ ጠየቁት። ስንት አባወራ ናችሁ? ስንት ከብት ታሰማራላችሁ? የቀበራችሁት ስንት ነው? ሽሬ በሶማሊኛ መለሰ፣ ሰማታርም ዓይኑን ጨፍኖ እንዲህ አለ፦

«ጥቂት ነን፣ አላህ ከዓይን ይሰውረን። ከብታችንም ጥቂት ነው፣ አላህ ያብዛልን። ከአፈር በታች ያሉትም ጥቂት ናቸው፣ አላህ ይማራቸው፤ ቁጥራቸውን እሱ ይወቀው።»

እዚህ ላይ ድሬ ያላደገ ሰው ካለ አንድ ነገር ላስረዳ። ለገሀሬ ሰፈር ስናድግ፣ ትልቅ ሴት እኛ ጋ «አዴ» ትባላለችና፣ አዴ መሪያም የምትባል ጎረቤት ነበረችን፣ ዘጠኝ ልጆች ያሏት። የሕዝብ ቆጠራ ሠራተኛ መጥቶ ስንት ልጅ አለሽ ሲላት፣ ሁለት ናቸው፣ አላህ ከዓይን ይሰውራቸው አለችው። ሰባቱ ከኋላዋ ይራኮታሉ። እናቴ በአጥር ላይ አንገቷን አውጥታ «ኧረ ዘጠኝ ናቸው!» አለችና አንድ ወር ሙሉ ተኳረፉ። ነገሩ እንደዚህ ነው። ልጅም ከብትም አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ይታመማል፣ ይጠፋል ብለው ይፈራሉ። ሙትማ ጭራሽ አይነካም፤ ሙት የቆጠረ ሰው ራሱን አብሮ ቆጠረ ይላሉ። ስለዚህ «ጥቂት» ብሎ «ከዓይን ይሰውረን» ያለ ሰው፣ ብዙ ነን፣ አታስቆጥረኝ ማለቱ ነው። ይህን እኔ አሳምሬ አውቃለሁ።

ያን ቀን ከሰዓት የሰኔ ሙቀት ነበር፤ ማራገቢያው አየሩን ያማስላል እንጂ አያቀዘቅዝም። ቃሉ ረዥም ነው። ማታ ደግሞ የእህቴ ልጅ ቢታንያ ሽማግሌ ሊላክባት ነው፣ ሳቢያን ሰፈር ቤቴ ድግስ አለ። ኮሪደር ላይ ሰማታርን አግኝቼው፣ አቦ ያንተ ሽማግሌ አስረዘመብኝ፣ ሙቀቱ ገደለኝ፣ ቶሎ ጨርሼ ልሂድ ብዬ ተነጫነጭኩበት። ሳቀብኝ። ገብቼ ቁጭ አልኩና እንደ ልማዴ ጻፍኩ፦ ጥቂት ነን። ከብታችንም ጥቂት ነው። ከአፈር በታች ያሉትም ጥቂት ናቸው። ሦስት መስመር። ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

በክረምቱ ያንን ቃል የሰሙት ዳኛ ተዛወሩ። የተተኩት ሰው ከሩቅ የመጡ፣ ደግ፣ ጨዋ፣ ግን አገሩን የማያውቁ ናቸው፤ ያላቸው መዝገቡ ብቻ ነው። ፍርዱን ሲያነቡ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ከሳሾቹ ጥቂት መሆናቸውን፣ ከብታቸውም ጥቂት መሆኑን፣ መቃብራቸውም ጥቂት መሆኑን በራሳቸው አንደበት ስላመኑ፣ መሬቱ በአብዛኛው ክፍት ሆኖ አግኝተነዋል አሉ። ሦስቱም «ጥቂት» የኔ ነበሩ፣ ንጹሕ ሆነው። ሰማታር ፍርዱን ለሽሬ በሶማሊኛ መተርጎም ነበረበት፤ እየተረጎመ መሐል ላይ ቆመ። አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ ሲቆም ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሽሬ ወደ ሰማታርም ወደ ዳኛውም አላየም። ወደኔ ነው ያየው። ከዚያ በትሩን ከዘቡ ተቀብሎ ወጣ።

ይግባኝ አሉ፣ አልሆነም። ሰበር ሰሚው ችሎት የሚያየው የሕግ ስሕተትን ነው፣ ፍሬ ነገርን አይነካም። አጥሩ ታጠረ። ፍየሎቹ በሽቦው ቀዳዳ እየሾለኩ ሲገቡ ዘበኛ ያባርራል። መቃብሩ ሽቦው ውስጥ ቀረ። ሽሬ በሦስተኛው ዓመት ሲሞት አባቱ አጠገብ መቀበር አልቻለም፤ ከተማ ውስጥ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች መሐል ተቀበረ። ልጁ ሆዳን ናት ይህን የነገረችኝ፤ ስትነግረኝ ድምጿን ከፍ እንኳ አላደረገችም።

ሰማታር ተለወጠ። ሲተረጉም ዓይኑን መጨፈን ተወ፤ ዙሪያውን እያየ፣ እየፈራ ነው የሚናገረው። ጫት በርጫ ላይ ጨዋታው ደርቶ ሳለ በድንገት የሽሬን ቃል በሶማሊኛ ይለዋል፣ ከዚያ በዐማርኛ ይደግመዋል፣ ከነምርቃቱ። ጓደኞቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ኋላ ላይ ቦታ እየቀየሩ ይቀመጡ ጀመር። ኑርሀን፣ ቤቴ ውስጥ የሞተ ሰው አብሮን ምሳ ይበላል አለችኝ። አላሾፈችም።

አንድ ቀን ሳቢያን ድረስ በባጃጅ መጣ። ውሃ እንኳ አልጠጣም።

«ጥሩዬ፣ ምርቃቱን ብዬዋለሁ ወይስ አላልኩም?» አለኝ። «ወረቀቱ ላይ የለም። ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። የቱ ነው እውነቱ?»

በመድኃኔዓለም፣ ብሎት ነበር። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ግን ጡረታዬ ዓመት ከመንፈቅ ቀርቶታል፤ መዝገብ አጉድላለች ቢሉኝስ? ለልጆቼ ምን እላለሁ? ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ወላሂ ትዝ አይለኝም፣ ስንቱን ነው የምገለብጠው፣ እኔ ማሽን ነኝ እንዴ ብዬ ተቆጣሁት። ይገርማችኋል፣ የተቆጣሁት እኔ ነኝ። እሺ አለና ተነሥቶ ሄደ። ሌላም ሁለቴ ጠየቀኝ፤ አንዴ መዝገብ ቤት በር ላይ፣ አንዴ ሚኒባስ ውስጥ። ሁለቴም ያንኑ መለስኩ። ሦስተኛው ላይ ውሸቱ አፌን ለምዶት ነበር።

ከዚያ ሆዳን ነህምያን ይዛ ፍርድ ቤት መጣች። ነህምያ ሲያስረዳ አንድ በር ብቻ ቀርቷል አለ፤ ፍርዱ የቆመበት ማስረጃ ሐሰት እንደነበር ከተረጋገጠ መዝገቡ እንደገና ሊታይ ይችላል። ቅጂው ይሰማ ተባለ፤ ቅጂው የለም፣ በላዩ ላይ ሌላ ተቀድቶበታል። እኔ ይህን ስሰማ ተመስገን አልኩ። እግዜር ይይልኝ፣ ተመስገን ነው ያልኩት።

በነጋታው ሰማታር ለፍርድ ቤቱ ቃሉን ሊሰጥ ጠየቀ። የሥራ ቦታው ላይ አልቆመም፤ ምስክር የሚቆምበት ላይ ቆመ። እኔ ጓዳዬ ውስጥ በማዳመጫ እሰማለሁ። ማለ። ከዚያ ዓይኑን የጨፈነ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ድምፁ የድሮው ድምፅ ሆነ።

«ያጎደልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሽማግሌው ሙሉውን ተናግሯል። ለምን አጎደልክ ካላችሁኝ፣ ሙቀት ነበር። ቃሉ ረዝሞብኝ ነበር። ቤት እንግዳ ነበረብኝና ቶሎ ጨርሼ መሄድ ፈለግሁ። ትርጉሙን አውቀው ነበር። እያወቅሁ ነው የጣልኩት።»

ሰማታር ያን ቀን እንግዳ አልነበረበትም። እንግዳው የኔ ነው። ሙቀቱም የኔ፣ ችኮላውም የኔ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው «እኔ» ሲናገር ኖሮ፣ ያን ቀን የተናገረው የኔን ነው። ተነሥቼ በሩን ከፍቼ ችሎቱ መሐል ገብቼ፣ ውሸቱን ነው፣ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ስድስት እርምጃ ነው። አልተነሣሁም። እጄ ግን ይጽፋል፤ አንዲት ቃል ሳልጥል፣ ትንፋሹን ጭምር ብችል እየጻፍኩ ጨረስኩ። አይ እኔ! ያን ጊዜ ነው ታማኝ መሆን ያማረኝ።

ነህምያ ያለው በር ተከፈተ። መዝገቡ እንደገና ታየ፣ ፍርድ ቤቱ ቦታው ድረስ ሄደ፤ እኔም መቅረጫ ይዤ ሄድኩ። መቃብሩ ይቆጠር ተባለ። የሰፈሩ ሰዎች ተያዩና ወደ ኋላ አሉ፣ ማንም አይቆጥርም። የድርጅቱ ጠበቃ፣ ይኸው፣ መቁጠር እንኳ የሚፈልግ የለም ብሎ ፈገግ አለ። ሰማታር ከሰው መሐል ወጣ። ከመጀመሪያው ድንጋይ ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ በእጁ እየነካ፣ አንድ፣ ሁለት እያለ ቆጠረ። አንዲት ባልቴት ፊቷን ሸፈነች። ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ሲል ጀርባውን ለኛ ሰጥቶ ትንሽ ቆመ። ነፋስ ነበር፤ ቅጂው ላይ ከቁጥሩ በኋላ የሚሰማው ነፋሱ ብቻ ነው። ያንን ቅጂ ስገለብጥ ከኋላዬ ሰው የቆመ እየመሰለኝ ሦስቴ ዞሬ አይቻለሁ።

ፍርዱ መጣ። መቃብሩ፣ ጉድጓዱና ከግጦሹ ግማሹ የወል ይዞታቸው ነው ተባለ፤ ወረቀት ባይኖራቸውም ነባር ይዞታቸው መሆኑ ታምኖበታል ተባለ። ነህምያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሰማታር ደግሞ በሐሰት አስተርጓሚነት ተከሶ ሁለት ዓመት በገደብ ተፈረደበት፣ ከሥራም ተባረረ። ጡረታዬ የወጣው በዚያው ወር ነው፤ ኬክ ቆረሱልኝ።

«ሦስት አፍ» መባሉ ቀረና «ውሸታሙ» ተባለ። ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ቢቀመጥም፣ ማመልከቻ ለማስተርጎም ሰው ፍለጋ የሚመጣው ገበሬ ሁሉ እሱን አልፎ ይሄዳል። ኑርሀን ገበያ ስትሄድ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ታወርደዋለች። እኔ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ አየዋለሁ፣ ባዶ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንድም ቀን አልወረድኩም። በተባረረ በስምንተኛው ወር ሞተ። ሰው ሁሉ ሙት ስለቆጠረ ነው አለ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። እኔ ግን ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

የተቀበረው ቢዮ ዓዴ ነው። ይህን ስሰማ ግራ ገባኝ፤ መሬታቸውን ያሳጣቸውን ሰው ለምን ከአባቶቻቸው አጠገብ ያስተኙታል? አላስቻለኝም። ከአርባው በኋላ በአንድ ጠዋት ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ሄድኩ። ሆዳን ጉድጓዱ ጋ ፍየል ታጠጣለች። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም አይሠራምና፣ አዴ ጥሩወርቅ፣ መጣሽ? አለችኝ፣ ቀጠሮ እንደነበረን ሁሉ። ወደ መቃብሩ ወሰደችኝ። ድንጋዩ ገና አዲስ ነው።

እዚያው ተንበርክኬ ነገርኳት። ሰማታር አንዲት ቃል አልጣለም፣ የጣልኩት እኔ ነኝ፣ ሦስቴ ጠይቆኝ ሦስቴ ክጃለሁ አልኳት። እንድትሰድበኝ፣ ድንጋይ እንድታነሣብኝ ነበር የፈለግሁት። ፍየሏን ከመቃብሩ ላይ መለሰችና አጠገቤ ቁጭ አለች።

«እናውቃለን» አለችኝ። «አባቴ ዐማርኛ ይሰማ ነበር፤ መናገር ነው የማይችለው። ያን ቀን ቤት መጥቶ፣ ያ ሰውዬ ምርቃቴን እንኳ መሬት አላስነካውም ብሎ ደስ ብሎት ነበር። ፍርዱ ሲነበብ የወረቀቱ ሥራ መሆኑ ገባው። አባቴን ከቀበርነው ከወራት በኋላ ለሰማታር ነገርነው። የዚያን ጊዜ ነው እሱም ከራሱ የታረቀው።»

ታዲያ ለምን አልተናገራችሁም ብዬ ጮህኩ።

«ልንናገር ነበር፣ እሱ ከለከለን። ልጆች አሏት፣ ጡረታዋ ደርሷል፣ ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም አለ። እኔ ጠይቄያታለሁ፣ ራሷ ትመጣለች፣ ጊዜ ስጧት አለን።» ወደ ድንጋዩ አየች። «እስኪሞት ድረስ መንገዱን ያይ ነበር። ዛሬ ስትመጪ አርባ ቀን ብቻ የዘገየሽ አይምሰልሽ። ሁለት ዓመት ነው የጠበቅንሽ።»

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። ለኔ አይደለም አለችኝ፤ የሰማታር ስም ያለው መዝገቡ ላይ ነው፣ መዝገቡ ያለው ፍርድ ቤት ነው።

ነህምያ፣ ብትናገሪ መሬቱ አይነካም፣ የሰማታር ስም ብቻ ነው የሚጸዳው ብሎኛል። ማመልከቻውን ራሴ ጽፌዋለሁ፣ አንድ ገጽ ተኩል ነው። እናንተም ይኸው ሰማችሁኝ። በየሳምንቱ ሰኞ ከሳቢያን ሚኒባስ ይዤ ፍርድ ቤቱ በር ላይ እወርዳለሁ። ባዶ ጠረጴዛው አሁንም እዚያው ነው። ትንሽ እቆምና በመጣሁበት እመለሳለሁ። ሆዳን ማታ ትደውላለች፤ አስገባሽው? ብቻ ነው የምትለኝ። በሚቀጥለው ሰኞ እላታለሁ።